የዓለም እድገት የሚሰፈርበት ቁና

በአሁኑ ዘመን በየጉባኤው፣ በየጋዜጣውና በየራዲዮው ከሚደጋገሙት ቃላት መካከል «ዘላቂ ልማት» የሚለውን ያህል የተለመደ ቃል ጥቂት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መንግሥታት ስለ እርሱ ቃል ይገባሉ፤ ድርጅቶች በስሙ ገንዘብ ይሰበስባሉ፤ እኛም ተማሪዎች በፈተና ወረቀት ላይ እንጽፈዋለን። ነገር ግን ዓለም ወደዚህ ግብ ምን ያህል እንደ ተራመደች የሚነግረን ቁጥር ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚቆጥረውና እንዴት እንደሚቆጠር የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ማስረዳት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከገበያ እህል የሸመተ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። በትንሽ ቁና ሲሰፈር እህሉ ብዙ ቁና ይወጣዋል፤ ቁናው ሲተልቅ ያው እህል ጥቂት ሆኖ ይታያል። እህሉ ግን አልጨመረም፤ አልጎደለምም። የአገሮችም እድገት እንዲሁ ሰው በሠራው ቁና ይሰፈራል። እንግዲህ ቁጥሩን አምነን ከመደሰታችን ወይም ከማዘናችን በፊት ቁናውን ገልብጠን መመርመር ይገባናል።

ነገሩ ከየት ተነሣ

የሰው ኑሮና የተፈጥሮ ሀብት አጠባበቅ በአንድነት በዓለም ጉባኤ ፊት የቀረበው በ1972 በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ነበር። ከዚያም በኖርዌይዋ ጠቅላይ ሚኒስትር በወይዘሮ ግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የሚመራው ኮሚሲዮን በ1987 እስከ ዛሬ የሚጠቀሰውን ትርጉም ሰጠ። ይኸውም ያሁኑ ትውልድ የሚያስፈልገውን ሲያሟላ የሚመጣው ትውልድ የራሱን እንዳያሟላ መንገዱን መዝጋት የለበትም የሚል ነው። ገበሬ እጅግ ካልቸገረው በስተቀር ለዘር ያስቀመጠውን እህል አይበላም፤ ሐሳቡ በአጭሩ ይኸው ነው።

በ1992 መንግሥታት በሪዮ ደ ጃኔይሮ ተሰብስበው በዚሁ ጉዳይ ተመካከሩ። በ2000 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እስከ 2015 የሚፈጸሙ የሚሊኒየም ግቦች የተባሉትን 8 ግቦች ለማውጣት መሠረት የሆነውን ቃል ኪዳን ተቀበለ። የእነዚያ ጊዜ ሲያልቅ ደግሞ በሴፕቴምበር 25 ቀን 2015 193 አገሮች እስከ 2030 የሚፈጸሙ 17 የዘላቂ ልማት ግቦችን አጸደቁ። በፊተኞቹ ግቦች ይበልጡን የሚመዘኑት ድሆቹ አገሮች ነበሩ፤ በኋለኞቹ ግን ሀብታሙም ድሃውም እኩል ተመዛኝ ሆኗል።

ቁጥሩ የሚጓዝበት መንገድ

17ቱ ግቦች በ169 ዒላማዎች ተከፋፍለዋል። ዒላማዎቹ ደግሞ የሚለኩባቸው አመልካቾች ወጥተውላቸዋል፤ በ2020 ዝርዝሩ ሲታረም 231 የተለያዩ አመልካቾች ነበሩበት። ዝርዝሩን ያዘጋጁት የየአገሩ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ሲሆኑ ጠቅላላው ጉባኤ ያጸደቀው በጁላይ 2017 ነው። ይህም ግቦቹ ከታወጁ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ላይ ከአመልካቾቹ ከሦስተኛው እጅ ለሚበልጡት ሁሉም የተስማማበት የመለኪያ ዘዴ አልነበረም። ሩጫው ተጀምሮ ሳለ የመንገዱ ርዝመት በምን እንደሚለካ ገና ክርክር ነበር ማለት ነው። በ2020 ለሁሉም ዘዴ ተገኘላቸው። ሆኖም ዘዴ መገኘቱ ብቻ ቁጥር አያስገኝም።

ቁጥሩ የሚነሣው ከታች ነው። ጠያቂው መጠይቁን ይዞ ከቤት ቤት እየዞረ ይጠይቃል። የሰበሰበው መልስ ወደ አገሩ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ከዚያ ለየአመልካቹ ኀላፊ ለሆነው የዓለም ድርጅት ይተላለፋል፤ የድህነቱ ለዓለም ባንክ፣ የረሃቡ ለእርሻና ለምግብ ድርጅት፣ የመጠጥ ውሃው ለዓለም ጤና ድርጅትና ለዩኒሴፍ ነው። እነዚህ ድርጅቶች የአገሮቹ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው እንዲነጻጸሩ ያስተካክላሉ፤ በጎደለበትም ቦታ በስሌት ገምተው ይሞላሉ። በመጨረሻ ሁሉ ተጠቃልሎ በየዓመቱ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መግለጫ ይወጣል። ስለዚህ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ከተደረደሩት ቁጥሮች አንዳንዱ የተቆጠረ፣ አንዳንዱ ደግሞ የተገመተ ነው። በኅትመት ላይ ግን መልካቸው አንድ ነው።

ከዚህ ሌላ መንግሥታት በየጁላይ በኒው ዮርክ በሚደረገው ስብሰባ ስለ ራሳቸው በፈቃዳቸው መግለጫ ያቀርባሉ። ኢትዮጵያም በ2017ና በ2022 አቅርባለች። ይህ ተማሪው ጥያቄውን ራሱ መርጦ፣ ራሱ መልሶ፣ ወረቀቱንም ራሱ እንደሚያርምበት ፈተና ነው። ጥቅም የለውም አልልም፤ ለማቅረብ ሲባል ብቻ ብዙ መሥሪያ ቤቶች መዝገባቸውን እንዲያገላብጡ ያደርጋል። ነገር ግን ማርኩ በዚህ መንገድ የተገኘ መሆኑን ሳይዘነጉ ማንበብ ያስፈልጋል።

የድህነት መስመር

የመጀመሪያው ግብ ድህነትን ማጥፋት ነው። ለመሆኑ ድሃ የሚባለው ማን ነው? የዓለም ባንክ በ1990 በቀን ወደ 1 ዶላር የሚጠጋ መስመር አሰመረ። መስመሩ በ2008 ወደ 1.25፣ በ2015 ወደ 1.90፣ በ2022 ወደ 2.15፣ በጁን 2025 ደግሞ ወደ 3 ዶላር ከፍ አለ። ይህ ዶላር በባንክ መስኮት የሚመነዘረው ዶላር እንዳይመስለን። በአሜሪካ 3 ዶላር የሚገዛውን ያህል ዕቃ በአገር ገበያ ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ ማለት ነው። በመሆኑም 3ን በባንክ ምንዛሪ የሚያባዛ ሰው የተሳሳተ ሒሳብ ላይ ይደርሳል።

መስመሩ በ2025 ሲለወጥ በ2022 እጅግ ድሃ ይባል የነበረው የዓለም ሕዝብ ቁጥር ከ713 ሚሊዮን ወደ 838 ሚሊዮን ተሻሻለ። 125 ሚሊዮን ሰዎች በአንድ ቀን ከድሆች መዝገብ ገቡ፤ ከእነርሱ መካከል ግን በዚያ ቀን ጉርሻ የተቀማ አልነበረም። ባንኩ ይህን አልሸሸገም። ለመስመሩ መሠረት የሆኑት ድሆቹ አገሮች የተሻለ ጥናት አድርገው የራሳቸውን የድህነት መስመር ከፍ ስላደረጉ መሆኑን አስረድቷል። ይሁን እንጂ የ2024ን መጽሐፍና የ2025ን መጽሐፍ ጎን ለጎን ይዞ «ድህነት ባሰ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም።

የአጠያየቁም ሁኔታ ራሱ ቁጥሩን ይለውጠዋል። በሕንድ አገር በ1990ዎቹ ቤተሰቦችን ስለ ምግባቸው «ባለፉት 30 ቀኖች» በማለት ፈንታ «ባለፉት 7 ቀኖች» ብለው በሙከራ ሲጠይቁ የድሆቹ ቁጥር ወደ ግማሽ ቀነሰ። ሰው ያለፈውን ሳምንት ካለፈው ወር ይልቅ ያስታውሳልና ብዙ ምግብ ቆጠረ። የጥያቄዋ አንዲት ሐረግ ስትለወጥ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ሆነ።

ውሃው ከየት ተቀዳ? ምንስ አለበት?

በሚሊኒየም ግቦች ጊዜ ይጠየቅ የነበረው ሰዎች ውሃቸውን ከየት እንደሚቀዱ ነበር። ከቧንቧ፣ ከተከለለ ጉድጓድ ወይም ከተጠበቀ ምንጭ የሚቀዳ ሁሉ «የተሻሻለ ውሃ» አግኝቷል ተብሎ ይመዘገባል። በዚህ ቁና ዓለም ግቡን በ2010 ከጊዜው 5 ዓመት ቀድማ እንደ መታች በ2012 ታወጀ፤ በ2015ም 91 ከመቶው ሕዝብ እንዳገኘ ተነገረ።

በአዲሶቹ ግቦች ግን ሦስት ነገሮች በአንድነት ይጠየቃሉ። አንደኛ፣ ውሃው በግቢ ውስጥ የሚገኝ እንዲሆን፤ ሁለተኛ፣ በተፈለገ ጊዜ እንዳይጠፋ፤ ሦስተኛ፣ ከብክለት የጸዳ እንዲሆን ነው። በዚህ ቁና ያው የ2015 ዓለም ሲሰፈር 91 የነበረው ወደ 71 ከመቶ ወረደ። ወደ አገራችን ስንመጣ ልዩነቱ ከዚህም የሰፋ ነው። ኢትዮጵያ በ2015 57 ከመቶ ሕዝቧ የተሻሻለ ውሃ እንዳገኘ ተቆጥሮ ግቡን ከመቱት አገሮች ተመድባ ነበር። በአዲሱ ቁና በ2020 ሲሰፈር ከመቶው 13 ያህሉ ብቻ ሆነ።

ስለ ብክለቱ ለማወቅ ውሃውን መመርመር እንጂ ባለቤቱን መጠየቅ አይበቃም። በኢትዮጵያ በ2016 በተደረገው የቤተሰቦች ጥናት ውሃው ራሱ ተመርምሯል። በየአገሩ በሚደረገው በዚህ ዓይነት ምርመራ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በረቂቅ ማጣሪያ ውስጥ ያልፋል፤ ማጣሪያው ለተሕዋስያን ምግብ በተዘጋጀበት ትንሽ ሳህን ላይ ይደረግና አንድ ቀን ያህል በሙቀት ይቆያል። ከሰውና ከእንስሳት ዓይነ ምድር የሚመጣው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ካለ በሳህኑ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፤ ያም ይቆጠራል። መብራት በሌለበት ገጠር ጠያቂው ሳህኑን በወገቡ በታጠቀው ቀበቶ ውስጥ ይዞ በገላው ሙቀት የሚያቆይበት ጊዜ አለ። በኒው ዮርክ መጽሐፍ የሚታተመው ከመቶ ስንት የሚለው ቁጥር እንዲህ ባለ ድካም ይገኛል።

የፊተኛው ቁና ውሸት አልነበረም። የሚጠይቀው ቀላሉን ጥያቄ ነበር። ቀላሉ ጥያቄ ሲመለስ ግን ከባዱም የተመለሰ መስሎን ልንዘናጋ እንችላለን።

ትምህርትና ችግኝ

በትምህርትም ያየነው ይህንኑ ነው። በሚሊኒየም ግቦች ጊዜ ዋናው መለኪያ ትምህርት ቤት የገባው ሕፃን ብዛት ነበር፤ በዚህም ኢትዮጵያ እጅግ ብዙ ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት ማስገባቷ እውነት ነው። ሆኖም በ2010 የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ንባብ በጥናት ሲፈተን ከሦስቱ አንዱ ያህል አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። አዲሱ አመልካች ልጁ ክፍል መግባቱን ትቶ ማንበብና ማስላት መቻሉን ይጠይቃል። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህ ነው።

እኛ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሁሉ የምናውቀው ምሳሌ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። በኦክቶበር 2022 ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ ከተፈተኑት 896 ሺህ ያህል ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። የአገሩ ተማሪ ሁሉ በአንድ ዓመት ደንቆሮ ሆነ የሚል አይኖርም። ይበልጡን የተለወጠው መስፈሪያው ነው። አዲሱ መስፈሪያ የገለጠው ጉድለት ግን ከዓመታት በፊት፣ በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል፣ የጀመረ ነበር። ያን ጊዜ ንባቡ በየዓመቱ ተለክቶ ቢሆን ኖሮ ስንት ልጅ በጊዜው በተረዳ ነበር!

የደን ነገርም ከዚህ አይለይም። በጁላይ 29 ቀን 2019 በኢትዮጵያ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታወቀ። የዓለሙ አመልካች ግን የተተከለውን ችግኝ ብዛት አይጠይቅም፤ ከአገሩ መሬት ስንት እጁ በደን እንደ ተሸፈነ ይጠይቃል። መትከል ሥራ ነው፤ ደን ግን ችግኙ ጸድቆ፣ ከከብትና ከምሳር ተርፎ፣ ከዓመታት በኋላ ሲቆም የሚቆጠር ውጤት ነው። ሥራውና ውጤቱ በአንድ መዝገብ ሲጻፉ መደናገር ይመጣል።

ያልተቆጠረው ሰው

እስካሁን የተናገርነው ስለ ተቆጠረው ነው። ከዚህ የሚከፋው የማይቆጠረው ነገር ነው። በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት 100 ሕፃናት መካከል ልደታቸው በመንግሥት የተመዘገበው 3ቱ ብቻ ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ እንዲደረግ ያዛል። ከ1984፣ ከ1994ና ከ2007 ቆጠራ በኋላ አራተኛው በ2017 እንዲካሄድ ታቅዶ ደጋግሞ ተላለፈ። እንግዲህ «ከመቶ ይህን ያህሉ» የሚባለው ሁሉ የሚካፈለው ለመቶው ነው፤ መቶው ራሱ ግምት ከሆነ ከላይ ያለው ቁጥር ምን ያህል ሊያስተማምን ይችላል?

ጦርነት ባለበት ስፍራ ደግሞ ጠያቂ አይገባም። በ2021ና በ2022 የተካሄደው አምስተኛው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት በጦርነቱ ምክንያት ትግራይን ሳያካትት ቀርቷል። ነገሩ በስታቲስቲክስ ቋንቋ «ናሙናው አልተሟላም» ተብሎ በግርጌ ይጻፋል። በሰው ቋንቋ ግን ይበልጡን የተራበውና የተፈናቀለው ከሒሳቡ ወጣ ማለት ነው። የተጎዳው ከሒሳቡ ሲወጣ አማካዩ ያምራል። ይህ የአገራችን ብቻ አይደለም፤ በየትም አገር ጦርነት ሲነሣ ወይም ድሃው ከመንገድ ሲርቅ የሚደርስ ነው።

ጠቅላላውን ውጤት እንዴት እናንብበው?

አሁን በዚህ ዓይን የዓለሙን ውጤት እንመልከት። የ2024 የተባበሩት መንግሥታት መግለጫ ሊለኩ ከቻሉት ዒላማዎች በትክክለኛው ጉዞ ላይ ያሉት 17 ከመቶ ብቻ እንደ ሆኑ ተናገረ። የ2025ቱ መግለጫ በአርእስቱ ላይ 35 ከመቶ አለ። በአንድ ዓመት እጥፍ እድገት ተገኘን? አልተገኘም። የ2025ቱ 35 በትክክል የሚጓዙትን 18 ከመቶና መካከለኛ ርምጃ ያሳዩትን 17 ከመቶ የደመረ ነው። በአንድ ቁና ከተሰፈረ ለውጡ ከ17 ወደ 18 ብቻ ነው። በዚያው መግለጫ 18 ከመቶው ከ2015 ወደ ኋላ መመለሱ ተጽፏል። ማንም አልዋሸም፤ ቁጥሩም ሁሉ በመጽሐፉ ውስጥ ተዘርዝሯል። አርእስቱን ብቻ ያነበበ ሰው ግን ተሳስቷል።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲያውስ ቁጥር ሁሉ ከንቱ ነው» የሚል አንባቢ ቢኖር ከመጀመሪያው የባሰ ስሕተት ይሆናል። ቁናው ሳይለወጥ ለብዙ ዓመት ሲሰፈርበት ቁጥር ትልቅ እውነት ይናገራልና። ከላይ የጠቀስነው የጤና ጥናት በኢትዮጵያ በ2000፣ በ2005፣ በ2011ና በ2016 ተደርጓል። እናቶች የወለዷቸውን ልጆች አንድ በአንድ፣ መቼ እንደ ተወለዱ፣ በሕይወት መኖራቸውን፣ የሞተም ካለ በስንት ዕድሜው እንደ ሞተ ይጠየቃሉ። ከእያንዳንዱ 1 ሺህ ሕፃናት 5 ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ2000 166 ነበሩ፤ ከዚያ 123፣ ከዚያ 88፣ በ2016 67 ሆኑ። አጠያየቁ አንድ ስለ ሆነ ይህ መቀነስ በእርግጥ የዳኑ ልጆችን ያሳያል። በዚያው መዝገብ የመጀመሪያውን ወር ሳይጨርሱ የሚሞቱት ከ49 ወደ 29 ብቻ መውረዳቸው ደግሞ ችግሩ በወሊድ ሰዓትና ከዚያ በኋላ ባሉት ቀኖች መጠናቱን ለሐኪሞች አመለከተ። ጥሩ ቁና ደስታውንም ጉድለቱንም ለይቶ ያሳያል።

ይህ ጥናት በ1984 በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ ተጀምሮ ከ90 በሚበልጡ አገሮች ሲካሄድ የኖረ ነው። በ2025 መጀመሪያ ላይ ያ እርዳታ ሲቆም ፕሮግራሙም ተቋረጠ፤ ከፊሉን ለማስቀጠል በኋላ ከሌላ ወገን ጊዜያዊ ገንዘብ ተፈለገ። የልጆቻችንን ሞት የምናውቅበት መስፈሪያ በሌላ አገር በጀት ላይ ተንጠልጥሎ መኖሩን ያን ጊዜ አየን። መንገድና ግድብ በራሳችን ገንዘብ እንሥራ የምንለውን ያህል ቆጠራውንም በራሳችን ገንዘብ እንሥራ ማለት ይገባናል።

የእኛ ድርሻ

ከዚህ ማኅበር አባሎች ብዙዎቹ ነገ በመሥሪያ ቤት ዕቅድ የሚያወጡ፣ በጋዜጣ የሚጽፉ፣ በክፍል የሚያስተምሩ ይሆናሉ። አንዳንዶቻችንም በክረምት መጠይቅ ይዘን ወደ ገጠር እንላክ ይሆናል። ስለዚህ አንድ የእድገት ቁጥር ሲቀርብልን ሦስት ጥያቄዎች እንጠይቅ።

አንደኛ፤ የተቆጠረው ምንድን ነው? የተተከለው ነው ወይስ የጸደቀው? የተመዘገበው ተማሪ ነው ወይስ የተማረው?

ሁለተኛ፤ ካለፈው ጋር የተነጻጸረው በአንድ ቁና ነው ወይስ በሁለት?

ሦስተኛ፤ ከሒሳቡ የቀረው ማን ነው?

መጠይቅ ይዘን የወጣን እንደ ሆነም፣ ዳገቱ ደክሞን ዛፍ ሥር ተቀምጠን የምንሞላው አንድ ወረቀት የአንድን ቤተሰብ ረሃብ ከዓለም መዝገብ እንደሚፍቅ እናስታውስ። ከዳገቱ በላይ ያለችው እናት ስለ ልጆቿ ለመናገር ያላት ዕድል በየአምስት ዓመቱ አንድ ጊዜ ቢደርሳት ነው። ያን ቀን ደጇን የሚያንኳኳ ሰው ካልመጣ 2030 ሲደርስ የሚጻፈው መጽሐፍ ስለ እርሷ አንዳች አይናገርም።